19 ሰዓት የኖረች ልጃችን መወለዷ ይመዝገብልን

ለልደትና ለሞት ምዝገባ የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሴት ልጃችን 19 ሰዓት ኖረች። የተወለደችው በ27ኛው ሳምንት ነው፤ ክብደቷ 980 ግራም ነበር። ይህን የምጽፍልዎት አባቷ ነኝ። እናቷ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን መስመር ታነባለች። የምንጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፤ መወለዷ ይመዝገብልን።

የሞቷ ወረቀት በእጃችን አለ። ልደቷን ለማስመዝገብ ስንሄድ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «አንድ ቀን እንኳ ላልሞላት ልጅ የልደት ወረቀት ምን ያደርግላችኋል?» አለችን። ክፋት አልነበረባትም። ሐዘናችንን ልታሳጥርልን የፈለገች ነው የመሰለን። የሞቱ ወረቀት ላይም ስሟ መግባት ያለበት ቦታ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ የእናቷ ስም ገብቷል። ልጃችን ግን ስም አላት።

ስለ 19 ሰዓቷ ልንገርዎት። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተወለደች። ሳንባዋ ገና ነበር። ስንተነፍስ የሳንባችን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቅ ፈሳሽ አለ። ቀኑ ሳይደርስ የሚወለድ ሕፃን ይህ ፈሳሽ አይበቃውም። እያንዳንዱ ትንፋሽ ትግል ይሆንበታል። ሐኪሙ ይህን ያስረዳን ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ነው። ወረቀቱን አስቀምጠነዋል።

ማታ ላይ ነርሷ ጠራችን። አባ መንገድ ላይ ነበሩ። እኛ ካቶሊኮች ነን። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ሞት የሚያሰጋው ሕፃን ሳይውል ሳያድር ይጠመቃል። ካህን ካልደረሰ ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በገዛ ልጄ ላይ አደርገዋለሁ ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ነርሷ ለብ ያለ ውኃ በሲሪንጅ ሞልታ ሰጠችኝ። የልጄ ግንባር ከሁለት ጣቴ አይሰፋም ነበር። በስሟ ጠራኋትና ሦስት ጊዜ ውኃውን እያፈሰስኩ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» አልኳት። እጄ ሲንቀጠቀጥ ነርሷ ክንዴን ደገፍ አደረገችልኝ።

አባ ሲደርሱ በሕይወት ነበረች። ሜሮን ቀቧት። ከዚያ እናቷ ደረት ላይ አስተኟት። ሆድ ውስጥ እያለች ማታ ማታ ስቅታ ይይዛት ነበር። ደረቷ ላይ ሆናም ስቅ አላት። እናቷ ቀና ብላ አየችኝና «እሷው ናት» አለችኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እዚያው አረፈች።

አባ ነጭ ለብሰው ቀደሱላት። የተጠመቀ ሕፃን ሲቀበር ለኃጢአቱ ስርየት አይጸለይም፤ የሚጸለየው ለወላጆቹ መጽናናት ነው። በኋላ የቁምስናውን፣ ማለትም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ የጥምቀት መዝገብ ከፈቱና ጠየቁኝ። ውኃው ፈሰሰ ወይ? ቃሉ ምን ነበር? ማን አየ? መለስኩላቸው፤ ጻፉ። ስሟ፣ የወላጆቿ ስም፣ የተወለደችበት ቀንና ቦታ ሰፈረ። አጥማቂ በሚለው ቦታ የእኔ ስም ገባ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በጣም አልቅሼ ነበር፤ ግን ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሃይማኖታችን እንዲህ ስለሚል አድርጉልን እያልን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ግልጽ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ከተለየ በኋላ ከተነፈሰ ወይም ልቡ ከመታ፣ እትብቱ ትር ትር ካለ ወይም ጡንቻው በግልጽ ከተንቀሳቀሰ፣ በሕይወት ተወልዷል። የእርግዝናው ርዝመት አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው እንዲመዘገብና ስም እንዲኖረው ይላል። ስንት ቀን ከኖረ በኋላ አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የምዝገባ መመሪያም በሕይወት ተወልዶ ወዲያው የሞተ ልጅ ልደቱም ሞቱም እንዲመዘገብ ነው የሚለው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሞተዋል። በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ያህሉ 24 ሰዓት እንኳ አይሞላቸውም። ሁሉም እንደ ልጃችን መስኮት ላይ ቢመለሱ ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል? ቁጥራቸው ካልታወቀስ የማሞቂያውና የመተንፈሻ መሣሪያው በጀት በምን ይሰላል?

የምንለምነው ከባድ ነገር አይመስለንም። ልጅ ወዲያው ሲሞት ልደቱና ሞቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ይመዝገቡ። ወላጆች ስም ካወጡ ያ ስም ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ መዝጋቢው ራሱ ሆስፒታል ይምጣ። ከወለደች ገና ሦስት ቀኗ የሆነ፣ ጡቷ ወተት ሞልቶ የሚያማት እናት ወረፋ ላይ መቆም የለባትም። ባለቤቴ ቆማለች። ከፊቷም ከኋላዋም ልጅ ያቀፉ እናቶች ነበሩ።

ወንድሟ 6 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ፎርም ይዞ መጣ፤ «ስንት እህትና ወንድም አለህ?» ይላል። «አንድ እህት» ብሎ ጻፈና ትክክል መሆኑን ጠየቀን። ትክክል ነው አልነው።

ስሟን እዚህ ደብዳቤ ላይ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። እስካሁን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ አለ። ቀጥሎ የሚጻፍበት ቦታ የእናንተ መዝገብ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የጥምቀት ማስረጃዋንና የሆስፒታሉን ወረቀት ይዘን እንመጣለን፤ ቀኑን ብቻ ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቷና አባቷ