ከሞት በቀር ለማይጠይቀው የምዝገባ ቅጽ

ይድረስ፦ ለፀረ ተባይ ኬሚካሎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ፈቃድ ሲታደስ ስለሚጠየቀው ማስረጃ

ክቡር ሆይ፣

የኬሚካል ምዝገባ ሰነድ ማንበብ ልማዴ ነው፤ ለጤናማ ሰው የሚመከር ልማድ አይደለም። ከፊት የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ ከሙከራ እንስሳቱ ግማሹን የሚገድለው መጠን። ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደሆነ ኬሚካሉ «መርዛማነቱ አነስተኛ» ተብሎ ያልፋል። ሉዊስ ጊሌት የተባለው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዕድሜውን የፈጀበትን ጥያቄ፣ ማለትም ኬሚካሉ ሳይገድል ሆርሞንን ያዛባል ወይ የሚለውን፣ ግን ይህ ቁጥር አይመልሰውም።

ጊሌት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። አሊጌተር የሚባለውን የአሜሪካ አዞ ማጥናት ሲጀምር ብክለት ፍለጋ አልወጣም፤ ለእርባታ የሚሰበሰቡት እንቁላሎች ምን ያህል እንደሚፈለፈሉ ለማወቅ ነበር። በዚያው በፍሎሪዳ ያለው አፖፕካ ሐይቅ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ አልሰምር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከሐይቁ አጠገብ ከነበረ ፋብሪካ ዲዲቲ የተቀላቀለበት ዲኮፎል የተባለ ፀረ ተባይ ፈስሶ ነበር፤ በዙሪያው ካሉት እርሻዎችም ፀረ ተባይ ሲታጠብ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የታዳጊዎቹ አዞዎች ቁጥር አሽቆለቆለ።

ሥራው የሌሊት ሥራ ነው። ጊሌትና ባልደረቦቹ ጀልባ ላይ ሆነው ባትሪ ሲያበሩ የአዞዎቹ ዓይን እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ታዳጊውን በእጅ ይይዙታል፣ ደም ይቀዱለታል፣ ብልቱን ይለካሉ፣ መልሰው ወደ ውኃው ይለቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ባደረጉት ውጤት የአፖፕካ ታዳጊ ወንዶች ብልት፣ እምብዛም ባልተበከለው ዉድረፍ ሐይቅ ካሉት እኩዮቻቸው በአማካይ 24 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞናቸው ደግሞ በ70 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እነዚህ አዞዎች ይዋኛሉ፣ ያድናሉ፣ ይናከሳሉ። በመሥሪያ ቤትዎ ቅጽ ቢለኩ እንከን አይገኝባቸውም።

የአዞ ፆታ የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት ነው፤ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወንድ፣ 30 አካባቢ ሴት ይፈለፈላል። እናት በስቧ ውስጥ ያጠራቀመችው ኬሚካል በአስኳሉ በኩል ለፅንሱ የሚደርሰው በዚያው ወቅት ነው። ዲዲቲ ሲብላላ የሚፈጠረው ዲዲኢ ቴስቶስትሮን የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል። ለዐዋቂ እንስሳ ኢምንት የሆነ መጠን ለፅንስ የዕድሜ ልክ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ቅጹ ግን መጠኑን እንጂ ጊዜውን አይጠይቅም።

«የአንድ ሐይቅ አደጋ ነው» ሊሉኝ ይችሉ ይሆናል። በካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በወሊድ መከላከያ እንክብል ውስጥ የሚገኘውን ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ሆን ብለው ወደ አንድ የሙከራ ሐይቅ ጨመሩ። በሊትር የጨመሩት 5 ወይም 6 የግራም ቢሊዮንኛ ብቻ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ አንድ የትናንሽ ዓሦች ዝርያም ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 ፀረ ተባዮች ለሆርሞን ጉዳታቸው እንዲመረመሩ በሕግ አዘዘ፤ ምርመራው ግን ለዓመታት ሲንከባለል ቆየ። ዲኮፎል ጎጂ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች በተፈራረሙት የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት እንዲወገድ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከአፖፕካው አደጋ 39 ዓመት በኋላ። ጊሌት ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ2015 ዐርፏል።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈቃድ ለማሳደስ የሚመጣ አምራች ፅንሱ ለኬሚካሉ ከተጋለጠበት ጊዜ አንሥቶ እስከሚወልዳቸው ልጆች ድረስ የተከታተለ ጥናት ያቅርብ፤ በጥናቱም የሆርሞን ልኬት ይኑርበት። ሰነዱ ማንም እንዲያነበው ክፍት ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንጹሕ የቀሩ ውኃዎች ተመዝግበው በየዓመቱ ይለኩ። ዉድረፍ ባይኖር ኖሮ ጊሌት የአፖፕካን አዞ ከምን ጋር ያነጻጽረው ነበር? የአዞ ብልት ትክክለኛ መጠኑ ያ ነው ብለን አምነን እንቀመጥ ነበር።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰነዶቻችሁን የሚያነብ ዜጋ