የጀልባዋ ታሪክ

ሚሚዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ሌላው ሰላም ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ነው የዘጋሁት። «ሽሮው ሊያርብኝ ነው» ብዬሽ ነበር። ምንም ሽሮ አልጣድኩም። «አባዬ፣ ሳጥኑን ሙሉ አገላበጥኩት፣ የጀልባዋ ታሪክ ግን የለም፤ የት አደረግኸው?» ስትይኝ ደነገጥኩ። በስልክ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። አሁንም መሳቅሽ አይቀርም፣ ግን አልሰማሽም።

ታሪኩ የለም፣ ልጄ። ኖሮም አያውቅም።

ሳጥኑን የገዛሁት በ1998 ነው፣ በፈረንጆቹ። አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ። እንግሊዝኛዬ ከዋጋና ከሰዓት አያልፍም። አንድ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰውዬ ግቢው ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አየሁ። ለአንቺ ብስክሌት ፈልጌ ነበር የቆምኩት። ብስክሌቱ ተሽጦ አገኘሁት። በአጠገቡ የካርቶን ሳጥን ሙሉ የካርቱን መጽሔት አለ፤ ከላይ ያለው ሽፋን ላይ ዶናልድ ዳክ የሚባለው የዲዝኒ ዳክዬና ሦስቱ የእህቱ ልጆች የምታፈስ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ናቸው። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ሰውዬው 15 ዶላር አለኝ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ። እናትሽ ያን 15 ዶላር እስካሁን አልረሳችውም።

ለምን እንደሳቅኩ ልንገርሽ። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። የደንገል ታንኳ ታውቂያለሽ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ታንኳ ላይ ተቀምጦ በደረቅ ሱሪ የተመለሰ ሰው የለም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ አንቺም ቀስ በቀስ ትሰጥሚያለሽ። ቀዛፊው ግን ምንም እንዳልሆነ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ይቀዝፋል። የኔ አጎት እንደዚያ ነበር። እና ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በማላውቀው ቋንቋ የታተመ መጽሔት ላይ አጎቴን አገኘሁት። ዶናልድ ሱሪ ስለማያደርግ መራሱ እንኳ አያሳስበውም።

ማታ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት «ተረት ተረት» እልሽ ነበር፣ አንቺ ደግሞ «የላም በረት» ትያለሽ። ከዚያ ሽፋኑን አሳይሽና ታሪኩን «አነብልሻለሁ»። ገጹንም እገልጥ ነበር፣ እንዳትነቂብኝ። ዶናልድ ከጎርጎራ ተነሥቶ በጣና ላይ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ ጉማሬ ሲያባርረው፣ ልጆቹ ውሃውን በጀበና ሲቀዱ። ከመጽሔቱ አንዲት ቃል አላነበብኩልሽም። አልችልማ!

ቆይቶ እንግሊዝኛው ሲገባኝ፣ አንድ ሌሊት መጽሔቱን ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። የጀልባዋን እውነተኛ ታሪክ ላነብ ብዬ። ውስጡ ስለ ሌላ ነገር ነው። ሌላውን ገለጥኩ፣ እሱም ሽፋኑና ውስጡ አይተዋወቁም። እኔ ብቻ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሠራራቸው ነው። የሽፋኑ ቀልድ ራሱን የቻለ ነው፣ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል።

ምክንያቱ ገበያ ነው። መጽሔቱ 10 ሳንቲም ነበር። ልጁ ሳንቲሙን ጨብጦ መደርደሪያው ፊት ይቆማል፣ ከፊቱ ብዙ ዓይነት መጽሔት አለ። ለማንበብ ጊዜ የለውም፣ ገና ያልተማረም ይኖራል። ስለዚህ አብዛኛው ሽፋን ላይ ንግግር የለም። ልብ ብለሽ ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውድቀቱ ራሱ አይደለም፣ ከውድቀቱ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ሰውዬው ገና አልወደቀም። አወዳደቁን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ። እኔም ይኸው ጎርጎራ ድረስ ወስጄ ጨረስኩት።

ያ መጽሔት የዲዝኒው ወርሃዊ ነው፤ በ1940 የጀመረ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወር ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ። በ40ዎቹ ብዙ ሽፋኖቹን የሣለው ዋልት ኬሊ ነው፣ በኋላ በጋዜጣ «ፖጎ» የሚባለውን ካርቱን ይዞ የታወቀው። ዳክዬዎቹን ደግሞ ካርል ባርክስ። ይሄን ሰውዬ ወደድኩት። በ1901 ኦሪገን የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጆሮው የሚያስቸግረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያልሞከረው ሥራ የለም፤ እንጨት ቆርጧል፣ ዶሮም አርብቷል። ካሊፎርኒያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዓመት ከዓመት ይሥላል፣ ስሙ ግን የትም አይጻፍም። አንባቢዎች እጁን ለይተው «ጎበዙ የዳክዬ ሰዓሊ» ይሉት ነበር እንጂ ማን እንደሆነ አያውቁም። የአድናቂ ደብዳቤ የደረሰው በ1960 አካባቢ ነው፣ ወደ 60 ዓመቱ ሲጠጋ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ትኬት ስቀበል ፊቴን ያየ ሰው ስላልነበረ ይሆናል ሆዴን የበላኝ።

የኛ ጀልባ የሴፕቴምበር 1949 እትም ነው። በ1971 አንድ አድናቂ ያንኑ ሽፋን በዘይት ቀለም ሣልልኝ ብሎ ባርክስን ጠየቀው። ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ ሣለለት። ከዚያ በኋላ ሌላውም ወረፋ ያዘ። የምታፈስ ጀልባ፣ አየሽ፣ ስንት ቦታ ደረሰች።

አጎት ስክሩጅን፣ የዶናልድን ሀብታም አጎትማ፣ ታስታውሽዋለሽ። የባርክስ ፈጠራ ነው፣ በ1947 ለገና ታሪክ ያመጣው፣ በ1952 የራሱ መጽሔት የወጣለት። እኔ «አጎት ቆንቋናው» ነበር የምለው። እናትሽ ስለ እሷ አጎት የማወራ መስሏት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። የሱ ሽፋኖች ላይ ቀልዱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘብ ነው፣ ሌላ ምን አለው? የገንዘብ መጋዘኑ ሦስት ኪዩቢክ ኤከር ነው ይላል። ኤከር የመሬት ስፋት መለኪያ ነው፣ እንዴት ኪዩቢክ ይሆናል ብለሽ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ ጠይቀሽኝ «ሀብታም ሲሆን ይሆናል» ብዬሻለሁ። ይቅርታ።

ከሳጥኑ ሥር ያለውን፣ የላይኛው ክፍል የተቆረጠውን መጽሔት እንዳትጥዪው። አይጥ በልታው አይደለም። ያኔ ሻጩ ያልተሸጠውን መጽሔት ሙሉውን አይመልስም፤ የሽፋኑን ራስ ቆርጦ ይልክና ሒሳቡ ይስተካከልለታል። የቀረው መጣል ነበረበት፣ ግን እየተደበቀ በርካሽ ይሸጥ ነበር። እኛ ጋ ያለው ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ስሙም ዋጋውም የለም፣ ቀልዱ ግን አለ። አንቺ አምስት ዓመትሽ ላይ በክፍት ቦታው አዲስ ርዕስ በእርሳስ ጽፈሽበታል። «ሚሚ 10 ሳንቲም» ይላል።

አንድ ጊዜ ሥራ ባጣሁ ሰሞን ሳጥኑን ይዤ አሮጌ የካርቱን መጽሔት የሚገዛ ሱቅ ሄጄ ነበር፤ ይሄን እናትሽም አታውቅም። ልጁ በጓንት ነበር የሚነካቸው። ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ገለጥ አደረገና ፊቱ ተለወጠ። ማጠፊያው ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር አየ። አንቺ ጎትተሽ ስትቀጂው፣ እንዳታለቅሺ ቶሎ ብዬ የለጠፍኩት ነው። ዋጋ የለውም አለኝ፣ ቃል በቃል። ከዚያ የቀረውን ልግዛህ አለ። ሳጥኑን ዘግቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ፕላስተሩን ሳየው ቢጫ ሆኗል፣ ከሥሩ የጣትሽ አሻራ አለ። ማር በልተሽ ነበር መሰለኝ።

እናም ስለ ታሪኩ። ስልኩን ልትዘጊ ስትይ «ግን ባሕር ዳር ደረሱ ወይስ ሰጠሙ?» ብለሽ ነበር። እኔ ሁሌ ከመጨረሴ በፊት ትተኚ ነበር፤ ወይ የሥራ ሰዓቴ ይደርሳል። ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው ሃያ ምናምን ዓመት የቆየሽው።

ደርሰዋል፣ ሚሚዬ። እግራቸው ረጥቦ ነበር። ጀበናው ግን ጠፋ።

ቅዳሜ ስትመጪ ሳጥኑን ይዘሽው ነይ።

አባትሽ