አባባ፣ አልቀዘቀዝኩም

ውድ አባባ፣

የጌታ ሰላምና ጸጋ ይብዛልዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም አባታቸውም ሰላም ብለውዎታል።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ስልክ ለጆሮዎ ያስቸግርዎታል፤ ሱቁም በሰው ተሞልቶ ነበር። ረጋ ብዬ ልመልስ ብዬ ነው የምጽፈው። የወንድሜ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ። ከቸኮለ ያስቁሙት።

«ከመዘምራን ወጥታለች፣ የሴቶች ኅብረቱን መምራትም ትታለች አሉኝ። ልጄ፣ በጌታ ነገር ቀዝቅዘሽ ይሆን?» ነበር ያሉኝ። ጥያቄው አላስከፋኝም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አባት ስላለኝ ጌታን አመሰግናለሁ። ግን አልቀዘቀዝኩም አባባ። እሁድ አልቀርም። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ቃሉን አነባለሁ፣ እጸልያለሁ። ከመድረክ የወረድኩት ጌታ አሁን የሚፈልገኝ ቤቴና ሱቄ ውስጥ ስለመሰለኝ ነው። ለሌላው ሰው ላስረዳ ብዬ አልደከምኩም። ለእርስዎ ግን ላስረዳ።

ከቤቱ ልጀምር። አማቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ቀን ቀን ሠራተኛዋ ታግዘናለች፤ ሌሊቱን እኔና ባለቤቴ ተካፍለነዋል። ጠዋት ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ለብ ያለ ውሃ፣ ፎጣ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ቫዝሊን። መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ስንጋባ «ጴንጤዋ ልጄን ወሰደችብኝ» ብለው ሠርጋችን ላይ እንዳልተገኙ እርስዎም ያስታውሳሉ። አሁን እያጠብኳቸው «አባታችን ሆይ» አብረን እንላለን። ቃሉ አፋቸው ላይ ይኮላተፋል፤ ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል። ጸሎቱ የእርሳቸውም የእኔም ነው፣ በእሱ አንጣላም።

አንዳንድ ጠዋት ይህን የማደርገው በፍቅር ነው። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ደክሞኝ፣ እንቅልፌን ሳልጠግብ፣ በመታዘዝ ብቻ ነው። ጌታ ሁለቱንም እንደሚቀበል አምናለሁ። የመዘምራን ልምምድ ግን ማታ ማታ ነው። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን ክዷል ያለውን ጳውሎስን እያነበብኩ፣ እርሳቸውን ለሠራተኛ ትቼ ለመዘመር መውጣት አልሆነልኝም።

ሱቁ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሕንፃ ዕቃ ንግድን ያውቁታል፤ መጥተው አይተውታል። ፈተናው ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል። ደንበኛ ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ጠጋ ይልና «ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?» ይላል። ቫቱ 15 በመቶ ነው። የ100,000 ብር ዕቃ ለሚገዛ ሰው 15,000 ብር ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ አልሸጥም ስል አብዛኛው አይቆጣም፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። ባለቤቴ በወር መጨረሻ ሒሳቡን ሲያይ ዝም ይላል። ዝምታው ይከብደኛል። ግን አንድም ቀን ተዪው ብሎኝ አያውቅም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ቀራጮቹ መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ሲሉት ምድረ በዳ ግቡ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ጭፍሮቹንም ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው። ንስሐቸውን እዚያው ሥራቸው ላይ ፈለገው። ይህን ክፍል ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ሳነበው እሁድ ከምሰማው በላይ ይነካኛል።

አሁን በልቤ ወደያዝኩት ጉዳይ ልምጣ። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ አለ፣ ቤት የሚሸከመው ብረት። 12 ሜትር የሆነው አንዱ ዘንግ 10 ኪሎ ከ600 ግራም አካባቢ መመዘን አለበት። ከዚህ ብዙ ከጎደለ ብረቱ ቀጥኗል ማለት ነው። በዓይን አይታወቅም፤ ግንበኛውም ብዙ ጊዜ አይመዝነውም። ካንድ አከፋፋይ ያመጣሁትን ስመዝነው 9 ኪሎ ከ400 ሆነ። ሌላ አነሳሁ፣ ያው። ሦስተኛም ያው።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት ልትገዛ መጣች። ዓረብ አገር ስትሠራ ባጠራቀመችው ገንዘብ ለእናቷ ሁለት ክፍል ቤት ልትሠራ ነው። ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ነው የያዘችው። ብሸጥላት አታውቅም ነበር። ምናልባት ማንም አያውቅም ነበር። ፌሮውን ሚዛን ላይ አውጥቼ አሳየኋትና ይህ ለቤት አይሆንሽም አልኳት። የት እንደምታገኝ ነግሬ ላክኋት። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የሚለውን ልጅ ሆነን በቃላችን አስይዘውናል። በእውነት የገባኝ ግን የዚያን ቀን ነው መሰለኝ፣ ሚዛኑ እጄ ላይ ሲሆን።

አከፋፋዩ መልሶ አልወስድም አለኝ። «አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸጠው። አንቺ ብቻ ነሽ ጻድቋ?» አለኝ። አባባ፣ የሚያመኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሰውየው አማኝ ነው፣ ከእኔው ቤተ ክርስቲያን። ለአዳራሹ ግንባታ ብዙ የሰጠ ነው ተብሎ ስሙ ሲጠራ አጨብጭበናል። እሁድ እጁን ዘርግቶ ሲያመልክ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ነው የሚቆመው። አምልኮው ውሸት ነው አልልም፤ ልቡን የሚያየው ጌታ ነው። ግን ያ ብረት የማን ጣሪያ ሊሸከም እንደሆነ ማሰብ አልተውኩም።

እኛ አማኞች እዚህ ላይ አንድ ነገር ያጎደልን ይመስለኛል። ማይክ የያዘውን፣ የሰበከውን፣ የዘመረውን አገልጋይ እንለዋለን። የሠራተኛውን ደመወዝ በወሩ የሚከፍለውን ግን ማንም አይጠራውም። ሱቄ ውስጥ የሚሠራው ልጅ የማታ ተማሪ ነው፤ የእኛው አገር ልጅ ነው፣ ከወላይታ ዳሞት። ትምህርቱ እንዳያመልጠው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እለቀዋለሁ። ያ ሰዓት ደግሞ ገበያው የሚደራበት ነው። ይህንን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብናገረው ምስክርነት ሆኖ ይቆጠር እንደሆን እንጃ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ። ሶዶ ገበያ በቆሎ ሲሸጡ አጠገብዎ ከጆንያው ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። ሌላው ነጋዴ ጣሳውን ሞልቶ በመዳፉ ይደለድለዋል። እርስዎ ሳይደለድሉ እላዩ ላይ አንድ ጭብጥ ይጨምሩ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜም ያችን ጭብጥ አላስቀሩም። እማዬ «ለእኛም ልጆች አሉን» ብላ ስትቆጣ ሰምቻለሁ። የዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር፤ በወላይታ ስንቱ ተዘግቶ እንደነበር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። በራችን ተዘግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚጸለየው። እንዲያም ሆኖ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት በቆሎ የምትገዛው ከእርስዎ ነበር። «ከጴንጤው ግዙ፣ እሱ አያጭበረብርም» ትል ነበር አሉ። ባሏ ስብሰባ ላይ ይሰድበናል፣ እሷ ከእኛ ትሸምታለች።

የወላይታውን የቀድሞ አማኝ የዋንዳሮንም ታሪክ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በጣልያን ጊዜ ታስሮ በአደባባይ እንደተገረፈ፣ እሱም እንዳልካደ። እኔ ግን ከግርፋቱ ይልቅ በውስጤ የቀረው ሌላው ነው። ሚሲዮናውያኑ በ1929 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ሰዎች ነበሩ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ። በእነዚያ ዓመታት የሚመራቸው ፈረንጅ አልነበረም፤ በወላይትኛ የታተመውም ቃል ጥቂት ነበር። አማኞቹ ግን ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር፣ ይረዳዱ ነበር። ጎረቤቱ ያንን እያየ ነው የመጣው። የኮንፈረንስ ፖስተር ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል። ኮንፈረንስን አልቃወምም፤ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ። ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን በምን እንዳደገች ልጆቼ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ብቻዬን እየሮጥኩ እንዳይመስልዎ ደግሞ። ኅብረት የሌለው ሰው እንደሚደክም አውቃለሁ። እንደ ከሰል ከምድጃው ከወጣ ይጠፋል ይሉ የለ? የረቡዕ ቤት ለቤት ኅብረታችን አሁን እኔ ቤት ሆኗል። እኔ አልመራም፤ አንዲት ወጣት ነርስ ትመራናለች፣ ጎበዝ ናት። አማቴ ትራስ ተደግፈው አብረውን ይቀመጣሉ። ባለፈው ረቡዕ ሥራ የጠፋበት ወንድም ነበር፤ ጸልየን ብቻ አልለቀቅነውም፣ የቤት ኪራዩን አዋጥተን ሰጠነው። አንዷ እህት ደግሞ አማቷን ይቅር እንድትል ተሟግተናት፣ አልቅሳ፣ አልችልም ብላ ሄደች። እንጸልይላታለን። እርስዎም ያስቧት።

አሁን ምክርዎን እፈልጋለሁ። ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ይላል። እኔ ሄጃለሁ፣ ብቻዬን። በትሕትና ነው የተናገርኩት፤ ሰው ፊት አላዋረድኩትም። አልሰማኝም። ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ ሂድ ይላል። እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ የአንድ ሽማግሌ ስም ጠርቶልኛል፤ እኔ ግን ሽማግሌው ከአከፋፋዩ ጋር በንግድም ይገናኛሉ ብዬ ፈርቻለሁ። ነገሩን ትቼ ከሌላ አከፋፋይ ማምጣት እችላለሁ፣ ይቀለኛል። ግን እኔ ዝም ካልኩ ያንን ፌሮ ከእርሱ የሚገዙት ሌሎች ሱቆች ናቸው፣ ከዚያም የሌላ ሰው እናት ቤት ላይ ይገባል። ለመንግሥት ላመልክት ብልም አማኝን ከሰሰች እባላለሁ። መባሉን እችለዋለሁ፤ ትክክል መሆኑን ነው ማወቅ የምፈልገው።

እርስዎ ለስንት ዓመት በሽምግልና ስንት ነገር አይተዋል። ምን ላድርግ? ማንን ይዤ ልሂድ? ጸልየውበት በልጁ አጽፈው ይላኩልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ፣ በእርሱ ይድረሰኝ። በስልክ እንዳይሆን፣ ደጋግሜ ላነበው ስለምፈልግ ነው።

የጉልበትዎን መድኃኒት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው፣ ባዶ ሆድ እንዳይወስዱት።

የሚወድዎት ልጅዎ