ኒኪ ላውዳ በእሳቱ ብቻ አይታወስ

ውድ አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ የመኪና እሽቅድምድሙን ፎርሙላ ዋንን ብዙም አያነሳም። ኳሱ ቦታውን ሁሉ ስለሚወስደው አልፈርድባችሁም። የኦስትሪያው ሾፌር ኒኪ ላውዳ ስም ሲነሳ ግን በየትኛውም ሚዲያ የሚነገረው ያው አንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጀርመን ኑርቡርግሪንግ ላይ ፌራሪው በእሳት ተያያዘ። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ቆመው ጎትተው አወጡት። ሆስፒታል ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። እሱ ግን በስድስት ሳምንቱ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ጣሊያን ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ።

ጉድ ነው፣ አልክድም። ታሪኩ እዚያ ላይ ሲያልቅ ግን ይቆጨኛል።

ከዚያ ውድድር በፊት እኮ ላውዳ ሾፌሮቹን ሰብስቦ እዚህ አንወዳደር ብሏቸው ነበር። ትራኩ ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ጫካ ለጫካ ይጠማዘዛል። አደጋ ቢደርስ እርዳታ ቶሎ አይደርስም። ድምፅ ተሰጠና ተሸነፈ።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ጃፓን፣ ፉጂ ላይ ነበር። ላውዳ ተቀናቃኙን ጄምስ ሀንትን በ3 ነጥብ ይመራል። ዝናቡ ግን ዶፍ ነው፣ ፊት ያለው መኪና እንኳ አይታይም። ሁለት ዙር ሄዶ መኪናውን አቆመና ወረደ። የፌራሪ መሐንዲስ ሞተሩ ተበላሸ እንበል ሲለው እንኳ እምቢ አለ። ሀንት ሦስተኛ ወጥቶ በ1 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ላውዳን ፈሪ ያሉት ነበሩ። ለእኔ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ፈራሁ ማለት ከሞንዛው ይበልጥብኛል። በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን መልሶ ወስዶ ፌራሪን ጥሎ ወጣ። በ1979 ውድድር አቆመ፣ በ1982 ተመለሰ፣ በ1984 አላን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ በልጦ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። አዎ፣ በግማሽ ነጥብ!

እኛን ይበልጥ ሊነካን የሚገባው ግን ከትራክ ውጭ ያደረገው ነው። ላውዳ አብራሪም ነበር፣ ላውዳ ኤር የሚባል አየር መንገድም አቋቁሟል። በ1991 አንዱ ቦይንግ 767 ከባንኮክ ወደ ቪየና ሲበር ታይላንድ ውስጥ ወደቀ። 223 ሰው አለቀ። የግራው ሞተር ላይ፣ አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ፍጥነቱን ለመቀነስ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚገለብጥ መሣሪያ አለ። ያ መሣሪያ አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ ተከፈተ።

ላውዳ አደጋው ቦታ ድረስ ሄደ። ከዚያም ቦይንግ ዘንድ ሄዶ በማስመሰያ ማሽን ራሱ ሞከረው። አብራሪዎቹ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ አየ። ቦይንግ ይህን በይፋ ለመናገር ሲያመነታ ምን እንዳላቸው በኋላ ራሱ ተናግሯል፦ ችግር የለውም ካላችሁ ያንኑ መሣሪያ አየር ላይ ክፈቱልኝና እኔው ተሳፍሬ ልብረር። ኩባንያው መግለጫ አወጣ። በኋላም በዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ ተጨማሪ መቆለፊያ ተገጠመ።

የቢሾፍቱን አደጋ የምናስታውስ ሰዎች የዚህ ነገር ክብደት ይገባናል። በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰው ሲሞት፣ ገና ከጅምሩ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ በባሕር ማዶ አልጠፉም። የሞተ አብራሪ ራሱን አይከላከልም። ላውዳ ለራሱ አብራሪዎች የተሟገተው ግን የአየር መንገዱ ባለቤት ሆኖ፣ ስሙ አውሮፕላኑ ላይ ተጽፎ ነው። ዝም ብሎ ካሳውን መጠበቅ ይችል ነበር።

እንግዲህ ስለ ሰውዬው ስትጽፉ ይህንንም አስገቡልን። ለወጣቶቹ ይከብዳል ካላችሁ ከሌዊስ ሃሚልተን ጀምሩ። ከማክላረን ቡድን ወደ መርሴዲስ እንዲሄድ ካግባቡት ሰዎች አንዱ ይኸው ላውዳ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ