ቅዳሜ ስለ ክለባችን የተጫዋቾች ስብስብ በአካል እንወያይ

ሰላም የአርሰናል ቤተሰብ፣

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በተለመደው ቡና ቤት እንገናኝ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ማን ይቆይ፣ ማን ይሸጥ፣ ማንስ ቋሚ ይሁን? እዚህ ስንጨቃጨቅ ሌሊቱ እየነጋ ነው፤ ፊት ለፊት ይሻላል።

ሁላችሁም የ25 ተጫዋች ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። የፕሪሚየር ሊጉን ሕግ አትርሱ። 21 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ 3 ዓመት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለቦች ያላሳለፉ ተጫዋቾች ከ17 መብለጥ አይችሉም። እንደ ማክስ ዶውማን ያሉ ታዳጊዎች ግን ከ25ቱ ውስጥ አይቆጠሩም። ስለዚህ “ሁሉም ይቆዩ” የሚባል ነገር የለም፤ አንዱን ስትጨምሩ ማንን እንደምትቀንሱ ተናገሩ።

ብዙ ሰዓት የሚወስደው የ9 ቁጥሩ (የመሃል አጥቂው) ጉዳይ ይመስለኛል። ዮኬሬስ ወይስ ሃቨርትዝ? እኔ ለሃቨርትዝ አደላለሁ፤ ተከላካይ ላይ የሚያደርገው ጫና ጎል ባያገባም ይጠቅመናል። የዮኬሬስ ደጋፊዎች ተዘጋጅታችሁ ኑ። ብቻ አንድ ኳስ ስለሳተ “ይባረር” ማለት አይሠራም፤ ቢያንስ የጥቂት ጨዋታዎችን አቋም ጥቀሱ። ስድብ ክልክል ነው።

ሒሳብ ሁሉም ለራሱ ይከፍላል። ወንበር ለማስያዝ እስከ ሐሙስ ማታ “እመጣለሁ” ወይም “አልችልም” ብላችሁ መልሱልኝ። ውይይቱን የሚመራ ገለልተኛ ሰው (ካለ!) ስሙን ያስመዝግብ።