ሴት የራሊ ሹፌር ስታሠለጥኑ ከወንበሩ ጀምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሲያትል በስተምሥራቅ በስኖኳልሚ፣ በቀድሞ የእንጨት ፋብሪካ ግቢ ላይ ያለው ደርትፊሽ የራሊ (መኪኖች በየተራ ተነሥተው በሰዓት የሚለኩበት የመንገድ ውድድር) ማሠልጠኛ በሞተር ስፖርት ያሉ ሴቶችን የሚያሰባስብ መድረክ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። በሲያትል ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ልጃቸውን ወይም እህታቸውን ለማስመዝገብ የሚያስቡ አይጠፉምና ስለ ትምህርቱ ጥቂት እንበል።

«ራሊ ጉልበት ስለሚጠይቅ ለሴት ይከብዳል» የሚባለው ስህተት ነው። እንግሊዛዊቷ ሹፌር ፓት ሞስ ከረዳቷ ከአን ዊዝደም ጋር በ1960 እ.ኤ.አ. ሊየዥ–ሮም–ሊየዥ የተባለውን ረጅም የአውሮፓ ራሊ አሸንፋለች። ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን ከረዳቷ ከፋብሪዚያ ፖንስ ጋር በ1981 የጣሊያኑን ሳንሬሞ ራሊ፣ በ1982 ደግሞ ፖርቱጋልን፣ ግሪክንና ብራዚልን አሸንፋ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። በጎረቤት ኬንያም ማክሲን ዋሆሜ በ2022 ሳፋሪ ራሊ ላይ በሦስተኛው የዓለም ሻምፒዮና ምድብ አንደኛ ሆናለች። ሁሉም ከወንዶች ጋር በአንድ ዓይነት የሰዓት መለኪያ ተለክተው ነው።

ሴትን የሚያደክማት ያልተስተካከለ ወንበር ነው። አጠር ያለች ተማሪ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ለመርገጥ ወደ ወንበሩ ጫፍ ትንሸራተታለች። ጀርባዋ መደገፊያውን ሲለቅ የመኪናው ኋላ ወዴት እየሸሸ እንደሆነ ሰውነቷ አይነግራትም፤ መሪውንም ትንጠለጠልበታለች። ልኩ ይህ ነው፦ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ጉልበቷ በጥቂቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ትከሻዋ መደገፊያውን ሳይለቅ የእጇ አንጓ የመሪውን አናት ይነካል። ወንበሩን ወደፊት መግፋት ብቻ መሪውን ደረቷ ላይ ስለሚያመጣው፣ በቡሎን የሚታሰር የፔዳል ማስረዘሚያ ያስፈልጋል። ከጀርባ ትራስ መወሸቅ ግን አደጋ ነው፤ በግጭት ጊዜ ስፖንጁ ሲጨመቅ ቀበቶው ይላላል። ቀበቶ ሲታሰር መጀመሪያ የወገቡ ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል፣ የትከሻው ይከተላል። የወገቡ ወደ ሆድ ከወጣ በግጭት ጊዜ ሰውነት በሥሩ ይሾልክና ሆድ ዕቃ ይጎዳል። ትከሻ ላይ ተቀምጦ ከራስ ቁሩ ጋር የሚያያዘው የአንገት መከላከያም በልኳ ካልተመረጠ፣ ጠባብ ትከሻ ላይ የትከሻው ቀበቶ ይንሸራተታል።

ከዚያ መንዳቱ። ኮረኮንች ላይ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ኩርባ ሲደርስ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ይነሣል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ሲጋደል መሬት ይቆነጥጣሉ። ያን ጊዜ መሪው ይዞራል፤ ቀጥሎ ፍሬኑ በግራ እግር በስሱ ሲረገጥ የቀለለው የመኪናው ኋላ ይዞራል። አፍንጫው መውጫውን ሲያይ ፍሬን ይለቀቃል፣ መሪው ይቃናል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ጀማሪ ግን ነዳጁን እንደረገጠች መሪውን ታዞራለች፤ ፊቱ ስለቀለለ መኪናው ቀጥታ ወደ ቦዩ ያመራል፤ እሷም ደንግጣ ይብስ ታዞራለች። መፍትሔው እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ማንሣት፣ መሪውን ጥቂት መመለስ፣ ጎማው እስኪይዝ መጠበቅ ነው። የግራ እግር ደግሞ ፍሪሲዮን መደፍጠጥ ስለለመደ ፍሬኑንም ይደፈጥጠዋል። የሚገራው በዝግታ ክብ እየዞሩ በመደጋገም ነው፤ አንድ ቀን አይበቃውም። ለዚህ ነው ለአንዲት ሴት የተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና፣ ለአምስት ሴቶች ለእያንዳንዳቸው ከተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ይሻላል የምንለው።

መኪና ለመግዛት አቅም ለሌላት የረዳት ሹፌር፣ ማለትም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ የመንገዱን ኩርባዎች ከማስታወሻ የምታነብለት ሰው፣ ወንበር እውነተኛ በር ነው፤ ሙቶንም የጀመረችው በዚያ ነው። ከውድድሩ በፊት መንገዱ በዝግታ ይታያል። በመጀመሪያው ዙር ሹፌሩ እያንዳንዱን ኩርባ ይናገራል፣ ረዳቷ ትጽፋለች፤ በሁለተኛው ታነብለታለች፣ ይታረማል። በውድድሩ ዘግይታ ካነበበች ኩርባው አልፏል፤ አብዝታ ከቀደመች ሹፌሩ ይረሳዋል።

የትኛውም ማሠልጠኛ ጋ ስትደውሉ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ፦ በአንድ መኪና ስንት ተማሪ ይፈራረቃል? እያንዳንዷ በቀን ስንት ደቂቃ መሪ ትይዛለች? የፔዳል ማስረዘሚያና በየልኩ የአንገት መከላከያ አላችሁ?

ራሊ የምንከታተል አንባቢዎቻችሁ፣ ከሲያትል