የሥነ ልቦና ክበብ፦ ሦስቱ ክቦች የተሰረዙበት ዓመት

የሥነ ልቦና ክበብ አባላት በዚህ የትምህርት ዘመን በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ የተወያዩት የአእምሮ ሕመም ከምን ይመጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል «በዘር ነው ወይስ በኑሮ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ክበቡን የምመራው እኔ በሁለት ሳምንት የምንጨርሰው መስሎኝ ነበር።

ለመነሻ ያህል አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበውን አስተሳሰብ አስተዋወቅኋቸው። ኤንግል ሕመምን በሰውነት ውስጥ በሚታይ ጉድለት ብቻ ማስረዳት እንደማይበቃ፣ ሥነ ሕይወታዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ሁኔታዎች አብረው መታየት እንዳለባቸው ተከራክሯል። ይህንን ለማሳየት በሰሌዳው ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ ሦስት ክቦች ሣልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አባላቱ ሥዕሉን እንዳዩ ስኪዞፍሬንያን (እውነታን ከቅዠት መለየት የሚያሳጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም) በመጀመሪያው፣ ጭንቀትን በሁለተኛው፣ ድባቴን (ዲፕሬሽንን) በሦስተኛው ክብ ውስጥ መክተት ጀመሩ፤ ከዚህ ልማድ ለመውጣትም ወራት ፈጀብን።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ስለ መንትዮች ስናነብ ነው። ስኪዞፍሬንያ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ቁጥር ያጠቃል። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንደኛው ሲታመም ግን የሌላኛው የመታመም ዕድል እስከ ግማሽ ይደርሳል። ሒሳብ የሚወድ አንድ አባላችን ወዲያው «እንግዲያው ግማሹ ዘር፣ ግማሹ ኑሮ ነው» ብሎ ደመደመ። ቁጥሩ ግን እንዲህ አይከፈልም፤ የሚነግረን ዘር ብርቱ ድርሻ እንዳለው፣ ነገር ግን ያው ዘር ያላቸው ሁለት ሰዎች እንኳ የግድ አብረው እንደማይታመሙ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆየን ፔላግራ የሚባለው በሽታ ነው፤ አራት ስብሰባ ወሰደ፤ አልጸጸትበትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡባዊ አሜሪካ ቆዳን እያቆሰለ፣ ተቅማጥ እያስከተለ፣ በመጨረሻም አእምሮን እያወከ ብዙዎችን ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያስገባ በሽታ ነበር። ብዙ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ሲሉ፣ በዘር የሚተላለፍ ነው የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ምርመራውን የተረከበው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን በየተቋማቱ ውስጥ የሚኖሩት ሲታመሙ አብረዋቸው የሚውሉት ሠራተኞች እንደማይታመሙ አስተዋለ፤ ምግባቸው ሲሻሻልም በሽታው ጠፋ። የጎደለው ኒያሲን የተባለው ቫይታሚን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ጋለ። ገሚሶቹ «የቫይታሚን እጥረት ከሆነ ምክንያቱ ሥነ ሕይወታዊ ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጎልድበርገር ከኢኮኖሚ ባለሙያ ጋር ሆኖ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን መንደሮች ሲያጠና ገቢው ዝቅ ባለ ቤተሰብ ሁሉ በሽታው ከፍ ብሎ ማግኘቱን አንሥተው፣ ቫይታሚኑን ያሳጣቸው ድህነት ነው ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ድህነቱ ወደ አእምሮ የደረሰው በሰውነት በኩል አልፎ ነውና።

የሥነ ልቦናው ክፍል ሲደርስ የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹን የብራውንንና የሃሪስን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ጥናት አነበብን። በለንደን ድባቴ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ቀደም ሲል ከባድ ሐዘን ወይም ችግር ደርሶባቸዋል፤ ይሁንና ከባድ ችግር ከደረሰባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ድባቴ አልያዛቸውም። ምሥጢሯን የምታካፍለው የቅርብ ሰው ያላት ሴት ከሌላት ይልቅ ትቋቋማለች። አባላቱ ይህ የቅርብ ሰው ከሥነ ልቦና ይቆጠር ከማኅበራዊ ኑሮ መወሰን ሲያቅታቸው ዝም ብዬ አየሁ።

አንድ ጊዜም ተሳስተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ዝነኛ ጥናት አንድ ጂን (ዘረ መል) ከመከራ ጋር ሲገናኝ ድባቴን ያመጣል ማለቱን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ በትልቁ ጻፍን። በ2019 የወጣው እጅግ ሰፊ ጥናት ግን ግኝቱን እንዳልደገፈው አንዲት አባል አግኝታ ስታመጣ፣ ጽሑፉን አንሥተን እርማቱን በዚያው ቦታ ለጠፍን። የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ይህ እርማት ነው ባይ ነኝ።

ስለ ራስም ሆነ ስለ ዘመድ ሕመም በስብሰባ ላይ እንዳይነገር የደነገግነው ሕግ ዓመቱን ሙሉ ተከብሯል። ክበቡ መማሪያ እንጂ መታከሚያ አይደለም፤ ለብቻቸው ሊያነጋግሩኝ የመጡ ተማሪዎችንም ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ልኬአለሁ። ለክበባት ቀን ያዘጋጀነው የጥያቄና መልስ ውድድር ተመልካች አላገኘም።

በመጨረሻው ስብሰባ ሦስቱን ክቦች አጥፍተን በምትካቸው «እንቅልፍ ማጣት» ብለን ጻፍን። አባላቱ ወደ ቃሉ የሚገቡና ከቃሉ የሚወጡ ቀስቶችን እየተቀባበሉ ሣሉ፤ ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣት ጭንቀትን ያባብሳል፤ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍ ያዛባል፣ በእንቅልፍ እጦት የደከመ ሰውም ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ሰሌዳው ሞልቶ ቦታ ስላጣን ቀሪውን ለመጪው ዓመት አባላት በደብተር ገልብጠን አስቀምጠናል።